«ታይቷል» ብዬ የጻፍኩበት ጣሪያ

ጡረታ የወጣ ሰው ነገር ያበዛል ይባላል። ይባል! እኔ ዝም ማለት አልችልም።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ እዚሁ አሰበ ተፈሪ፣ የገዛ ቤቴን የመብራት መስመር ሊመረምር አንድ ባለቦርሳ ሰውዬ መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆነው ነው። ቆጣሪውን አየ፣ ፊውዙን ነካ ነካ አደረገ፣ ሶኬቶቹ ላይ ቴስተሩን ሰካ፣ አምፖሎቹን አብርቶ አጠፋና ቅጹን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

«ኮርኒሱስ?» አልኩት።

«አባባ፣ ሁሉም ሰላም ነው።»

«ከታችማ ሰላም መሆኑን እኔም አያለሁ። የላዩን ነው የምልህ።»

ሳቀብኝ። «ላይ ምን አለ አባባ? አይጥ ነው ያለው።»

መሰላሉን ራሴ ጎትቼ አምጥቼ ከመውጫው ቀዳዳ ሥር ተከልኩለት። ነጭ ሸሚዙን ዝቅ ብሎ አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ሸሚዙን አየ። «ይታጠባል፣ ውጣ» አልኩና መሰላሉን ግጥም አድርጌ ያዝኩለት። አቧራ ለብሶ ሲወርድ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ምንም አላገኘም፤ ምክንያቱም እኔው ራሴ በየዓመቱ እየወጣሁ አየዋለሁ። ሳይሰናበተኝ ሄደ። ቢቆጣም ግድ የለኝም፤ እኔ በሱ ዕድሜ ሳልወጣ በቀረሁት አንድ ጣሪያ የደረሰውን ቢያውቅ ኖሮ መሰላሉን ራሱ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። እሱ ስላልጠየቀኝ ለሚያነብ ሁሉ ልናገረው።

የመብራት መስመር መርማሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ደመወዙ ለአንድ ወንደላጤ ያኖራል፤ ከዚያ በላይ አላወራለትም። በምርመራ ክፍሉ ሁለት ብቻ ነበርን፣ እኔና ጋሽ ዑመር። ጋሽ ዑመር ሙያውን ድሬዳዋ የለመዱ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ የሚናገሩ፣ የማይጮሁ ግን የማይለሳለሱ ሰው ነበሩ። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ በደሳ፣ ገለምሶ፣ አንዳንዴም እስከ ቦርደዴና መቻራ፣ ጀኔሬተር ያለበት ሁሉ የእኛ ነበር። መሰላላችንን ከጫነን መኪና አናት ላይ አስረን እንጓዛለን። አንድ ክረምት የመቻራ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሾፌሩ መሰላሉን ከጎማው ሥር ላንጥፈው ቢል፣ ጋሽ ዑመር ከላዩ ላይ ቁጭ አሉበት። «ከፈለግህ እኔን አንጥፈኝ» አሉት።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ቤት በር ላይ አቁመውኝ፣ «ያ ተሾመ፣ መብራት ቤት የሚገባው በየት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በቆጣሪው።»

«በጣሪያ ነው አቦ! ከምሰሶው ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ግድግዳ። አንተም በሱ መንገድ ግባ።»

ያን ጊዜ የእነዚህ የጨርጨር ከተሞች ቤት አብዛኛው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። ኮርኒሱ እንጨት አይደለም፤ አቡጀዴ ጨርቅ ወጥሮ በምስማር መምታትና ኖራ መቀባት ነው። ከታች ሲያዩት ነጭና ንጹሕ ነው። ከላይ ግን ደረቅ ጨርቅ፣ የስንት ዓመት አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና የመብራት ገመድ አንድ ላይ ይተኛሉ። እዚያ መሐል አንድ መጋጠሚያ እሳት ቢተፋ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ኤሌክትሪክ መማር አያስፈልግም።

ጋሽ ዑመር ጣሪያ ሲወጡ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ የመጥረጊያ እንጨት ተውሰው ኮርኒሱን ከታች ኳ ኳ ያደርጉታል፤ እባብም ሆነ አይጥ ካለ መንገድ ይልቀቅ ነው። ዋናውን ፊውዝ ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ። ጀኔሬተሩ የሚነሳው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ቀን ቀን ገመዱ ውስጥ ምንም አይኖርም፤ ቢሆንም ፊውዙ ኪሳቸው ሳይገባ አንድም ቀን አልወጡም። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው «ቢስሚላሂ» ብለው ይወጡና ጭንቅላታቸውን ብቻ አስገብተው ያሸታሉ። የጋለ ጎማ ሽታ ቀን ቆጥሮም እንደማይለቅ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀጥለው የእጅ ባትሪውን ያጠፋሉ። እኔ ከታች ሆኜ «ጋሽ ዑመር፣ ምን ሆኑ?» ስል፣ «ቆይ፣ ቀዳዳ እየቆጠርኩ ነው» ይሉኛል። በጨለማው ውስጥ የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ይታያል፤ ቀዳዳ ባለበት ዝናብ ይገባል፣ ዝናብ በሚገባበት የሚያልፈው ገመድ ደግሞ የታመመ ነው። በመጨረሻ ባትሪውን አብርተው፣ በወራጁ እንጨት ላይ በጉልበታቸው እየዳሁ፣ ገመዱን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አምፖል በጣታቸው ይከተሉታል።

«አይጥ የሚበላው ከሥር በኩል ነው፤ ዓይንህ የሚያየው ከላይ ነው። ጣት ግን ዙሪያውን ይሄዳል» ይሉኝ ነበር።

ገለምሶ ላይ አንድ ቤት ሙሉ ጠዋት ፈጅተው ምንም ሲያጡ ትዕግሥቴ አለቀ። «ይውረዱ እንጂ፣ ምንም የለ እኮ!» ብዬ ከታች ጮህኩ። «እስካሁን ነው የሌለው» አሉና መዳሃቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻው አምፖል ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ሽቦ ልጡን ተልጦ፣ አይጥ በቀዳደደችው አቡጀዴ ላይ ተኝቷል። ቆርጠው ይዘውት ወርደው እጄ ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን አፈርኩ። አፍሬም የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

አለቃችን አቶ ጌታሁን ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ የዕቅድ ሰው ነበር። ከቢሮው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ በሳምንት የተመረመረ ቤት በጠመኔ ይጽፋል። «ዑመር ጣሪያ ላይ ሲንደባለሉ ዕቅዱን ማን ይሙላልኝ?» ይል ነበር። ለብቻዬ መውጣት ስጀምር የእኔ ቁጥር ከጋሽ ዑመር በለጠ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? በጣም ደስ አለኝ።

በዚህ መሐል ሂርና ጉልበተኛ አዲስ ጀኔሬተር ገባላትና የከተማዋ አሮጌ ቤት ሁሉ ከሱ ጋር ከመቀጠሉ በፊት እንዲመረመር ታዘዘ። እኔ ተላክሁ። በሦስተኛው ቀን ሸምሱ የሚባል ስልጤ ነጋዴ ቤት ደረስኩ። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሳሎንና መኝታ ቤት ነው። ሸምሱ ከእኔ ጋር እኩያ ነው፤ ሳቂታና ለሰው የሚሳሳ። ቆጣሪው ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ ሶኬቱ ጥብቅ ያለ። «አሁን የኮርኒሱን መውጫ አሳየኝ» አልኩት።

«መኝታ ቤት ነው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቴ ዘይነባ ወልዳ ተኝታለች። ሳምንቷ ነው። መውጫው ከአልጋዋ በላይ ነው። ግን ግድ የለም፣ እናነሳታለን፤ ትንሽ ታገሰን።»

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር። እሱ እናነሳታለን አለኝ! የከለከለኝ ሰው የለም። እኔ ግን አራስ ሴት ከአልጋዋ ላስነሳ ነው? ባዕድ ወንድ መሰላል ተሸክሞ አራስ ቤት ሊገባ ነው? ሰው ምን ይላል? ነገ ሕፃኗ ብታለቅስ የኔ ዓይን ነው ሊባል ነው? ይሉኝታ ያዘኝ። «ኧረ በፍጹም! አታስነሷት፣ ማርያም ማርያም፤ ያየሁት ይበቃል» አልኩ። ሸምሱ መረቀኝ። ቅጹ ላይ «የጣሪያ ውስጥ መስመር» የሚል ረድፍ አለ። ባዶ ብተወው አቶ ጌታሁን ቤቱን አይቆጥርልኝም። «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሱቁ ውስጥ ለስላሳ ጋበዘኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ ጋሽ ዑመር ቆመው ጠበቁኝ። «ሂርና ቤት ተቃጥሏል። የሸምሱ» አሉኝ።

ወሬው ከመኪና ጋር ነበር የመጣው። ጀኔሬተሩ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰዉ የመግሪብ ሶላት ላይ እንዳለ፣ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ተያያዘ። የሚነደው አቡጀዴ ተቀዶ አልጋው ላይ ወረደ። ዘይነባ ከሕፃኗ ጋር ተኝታ ነበር። ጨርቁ ሕፃኗ ላይ እንዳያርፍ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው። ሰው እስኪደርስላት አልለቀቀችውም። ሕፃኗ አልተነካችም፤ የእናቲቱ እጆች ግን እስከ ክርን ነደዱ። ጎረቤት ቆርቆሮውን ነቅሎ አፈርና ውኃ ሲያፈስ ሳሎኑና ሱቁ ተረፉ።

ጋሽ ዑመር አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ወጥተህ ነበር?»

«አልወጣሁም።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ቁጭ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። «ሌላም አለ፣» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «ሸምሱን አስረውታል።»

የቀበሌው ሰዎች ወረቀቴን አይተው ነው ያሰሩት። ያን ጊዜ ስኳርና ጨው ደብቋል፣ አሻጥረኛ ነው የተባለ ነጋዴ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም። ነገሩን እንዲህ ገጣጠሙት፦ መስመሩ ተመርምሯል፣ ጣሪያው ታይቷል፣ ደህና ነው ተብሎ ተፈርሟል። ስለዚህ እሳቱ የመብራት አይደለም። ስለዚህ ሸምሱ ኮርኒስ ውስጥ የደበቀው ዕቃ እንዳይያዝበት የገዛ ቤቱን ለኩሷል። ሚስቱ ሐኪም ቤት ተኝታ እጇን ሲጠቀልሉላት፣ እሱ ከቀበሌው መጋዘን ገብቶ ቁጭ ብሏል። ያሳሰረው የኔ አንድ ቃል ነው።

አቶ ጌታሁን በር ዘግቶ መከረኝ። «ተሾመ፣ አትበድ። ሐሰት ጻፍኩ ካልክ አሻጥረኛው አንተ ትሆናለህ። ዝም በል፤ ጊዜው ነገሩን ያበርደዋል።» ለእኔ አስቦ ነው። ራሴም ለአንድ ቀን ያህል እንደዚያ አሰብኩ። እናት አለችኝ፣ ደሞ ማን ይሰማኛል፣ እያልኩ ስገለባበጥ ዋልኩ። በማግስቱ ጋሽ ዑመር መሰላሉን ተሸክመው ደጄ መጡ።

«ሂርና ድረስ እሸኝሃለሁ። መናገሩ ግን ያንተ ነው» አሉኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ይባላል፤ ካኪ ለባሽ፣ ቆፍጣና፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ፊርማው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ቃሉ ግን ውሸት ነው። ጣሪያውን አላየሁም።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ። «ማን ላከህ? ስልጤዎቹ ናቸው?»

«ማንም አልላከኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እና ምን አስነካህ? ሰው በገዛ አፉ ራሱን ያስራል? ትናንት አየሁ፣ ዛሬ አላየሁም! የትኛው ተሾመ ይታመን?»

አላመነኝም! ይህን ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር። እውነቱን ለመናገር ድፍረት ካገኘሁ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ስዋሽ አምኖኝ እውነት ስናገር ሲስቅብኝ፣ እልህ ያዘኝ። «እንግዲያስ ይምጡና ይዩ። ቤቱ ግማሹ አለ» አልኩት።

ሄድን። ጋሽ ዑመር መሰላሉን ከተቃጠለው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ቆሞ በሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ወዲያ ማዶ ድረስ ማየት ይቻላል። ጢሱ በተነቀለው ቆርቆሮ በኩል ስለወጣ፣ የሳሎኑ ወገን እንደነበረ ነበር። እኔ ወጥቼ ከግድግዳው አናት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሊቀመንበሩ ተከትሎኝ ወጥቶ አንገቱን አስገባ።

«ምን ይታይዎታል?» አልኩት።

«አቧራ።»

«እኛ ስንመረምር በጉልበታችን ነው የምንሄደው። መውጫው እዚህ፣ መኝታ ቤቱ ላይ ነበር። ሌላ መንገድ የለም። የሳሎኑን አምፖል አይቼ ቢሆን በዚህ እንጨት ላይ ማለፍ ነበረብኝ። የጉልበቴን ምልክት ያሳዩኝ።»

ባትሪውን ከእጄ ተቀብሎ አበራ። አቧራው ወፍራም ነው፣ ጣት ያሰምጣል። ከአይጥ እግር ሌላ ምንም አልረገጠውም። ወዲያና ወዲህ እያበራ ረጅም ጊዜ አየ። እኔም አየሁት፤ ስንፍናዬ እንደዚያ ተዘርግቶ ለሰው ሲታይ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ገመዱን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ሁለት እርምጃ ሳልርቅ መጋጠሚያ አገኘሁ፤ ናስትሮ የሌለው፣ በላስቲክ ቁራጭ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ። ላስቲኩ ቀልጦ ሽቦው ጠቁሯል። ከሱ ቀጥሎ ሌላ እንደዚያው ያለ። ሦስተኛው ከተቃጠለው ክፍል ወራጅ ላይ፣ የመዳብ ሽቦው ጫፍ ቀልጦ ድፍን ብሎ ተንጠልጥሏል።

ሊቀመንበሩ ከመሰላሉ ወርዶ የካኪውን አቧራ አራገፈ። «ስኳርም የለ፣ ጨውም የለ» አለ ለራሱ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ለምን አልወጣህም?»

«አራስ ነበረች። አፈርኩ።»

ይህንንማ ወዲያው አመነኝ።

ሸምሱን በዚያው ዕለት ፈቱት፤ እኔን በሱ ቦታ አስገቡኝ። አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ጋሽ ዑመር ከአሰበ ተፈሪ እየተመላለሱ ምግብ አቀበሉኝ። ስወጣ ደረጃዬ ወርዶ ምሰሶ ተካይ ሆኜ ነበር፤ አቶ ጌታሁን ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም። ወደ ምርመራ የተመለስኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የሙሽራ ቤት ይሁን፣ የቄስ ቤት ይሁን፣ የካድሬ ቤት ይሁን ሳልወጣ የፈረምኩበት የለም። «ደረቅ» አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ ደረቅ ነኝ። ምን ያህል መታየት አለበት ለሚለኝም መልሴ አንድ ነው፤ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አምፖል፣ በጣት። ቀዳዳው ላይ ቆሞ ባትሪ ማብራት ማየት አይደለም።

ግን ይህን ያጸናብኝ እስሩም ደብዳቤውም አይደለም። ከእስር በወጣሁ ማግስት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ዘይነባ ከሐኪም ቤት ወጥታ እዚሁ አሰበ ተፈሪ አክስቷ ቤት ተኝታ ነበር። በሩን የከፈተልኝ ሸምሱ ነው። ከስቷል። ክንዴን ይዞ አስገባኝ።

ዘይነባን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ እንዳላያት ብዬ እኮ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። እጆቿ እስከ ክርን ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተቀምጠዋል። ሕፃኗን የምታጠባው፣ አክስቷ ይዛ ጡቷ ላይ እያስጠጋችላት ነው። ተንበረከክሁ። «በድዬሻለሁ። በአላህ ይሁንብሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ዘይነባ ይቅር ብያለሁም አላለች፣ ውጣልኝም አላለች። በጀርባዋ ተኝታ ወደ ላይ ታይ ነበር። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። አቡጀዴ ነው፣ ኖራ የተቀባ።

«ይሄንንስ አይተኸዋል?» አለችኝ።

«አላየሁትም።»

«ከዚህ ቤት ከገባሁ እንቅልፍ የለኝም። ማታ መብራት ሲመጣ ልጄን ይዛችሁልኝ ውጡ እላቸዋለሁ። መውጫው ያውልህ፣ ከራሴ በላይ።»

ሸምሱ ተነሳ። «አልጋውን ወደ ሳሎን እናውጣው፣ ተሾመ እንዲመቸው...»

«እኔ ከዚህ አልነሳም!» አለች። «እዚሁ ሆኜ ነው የማየው። ይውጣ።»

ከጎረቤት መሰላል ተዋስኩ። ዋናውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። መሰላሉን ከአልጋዋ ራስጌ ስተክል ልብሴ ትራሷን ይነካ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በዓይኗ ወደ ላይ አሳየችኝ። ወጣሁ። አሸተትኩ። ባትሪዬን አጥፍቼ ቀዳዳ ቆጠርኩ። ከዚያ ገመዱን ይዤ ከመግቢያው እስከ ማዶው አምፖል በጉልበቴ ሄድኩ፣ ተመልሼም መጣሁ። ሁለት ያልተሸፈነ መጋጠሚያ አግኝቼ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው።

«ሁለት ነበር፣ አልቋል» ብዬ በቀዳዳው በኩል ወደ ታች ተናገርኩ።

«ደግመህ እይ» አለችኝ።

ደግሜ ሄድኩ። ሦስተኛውን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ ልክ ከአልጋዋ በላይ።